የሚወርደው የዐይን ቆብና አዲሱ መርፌ፦ ሙከራው ለወሎ ሕመምተኛ የሚመልሰውና የማይመልሰው ጥያቄ

ለዐይን ጡንቻ መዛል አዲስ መድኃኒት እየተሞከረ ነው የሚል ዜና በማኅበራዊ ሚዲያ ሲዘዋወር አብዛኛውን ጊዜ በሁለት መልክ ይተረጎማል። አንዳንዱ «መድኃኒቱ ተገኝቷል» ብሎ ከውጭ የሚልክለትን ዘመድ ማፈላለግ ይጀምራል። ሌላው ደግሞ «በሰው ላይ ሊሞክሩ ነው» ብሎ ይሸሻል። ሁለቱም መልሳቸውን ያገኙት ሙከራው ምን እንደሚጠይቅ ሳይመረምሩ ነው። ነገሩ በተለይ ለወሎ ሰው ማብራሪያ ያስፈልገዋል፤ ምክንያቱም ኤፍጋርቲጂሞድ የተባለው አዲሱ መርፌ ውጤታማ ቢሆን እንኳ ከደላንታ ወይም ከወግዲ ተነሥቶ ሐኪም ፍለጋ የሚወጣን ሕመምተኛ የሚያሰናክሉት ነገሮች አብዛኞቹ ከመርፌው በፊት ያሉ ናቸው።

በሽታው ምን ያደርጋል?

የበሽታው ስም ማያስቴንያ ግራቪስ ይባላል። ከኦቶኢሚዩን በሽታዎች አንዱ ነው፤ ማለትም ከበሽታ ሊጠብቀን የተፈጠረው የሰውነት መከላከያ በስሕተት የራሱን አካል ሲያጠቃ የሚመጣ ሕመም ነው። ጡንቻ እንዲንቀሳቀስ ነርቭ ከጫፉ አሴቲልኮሊን የተባለ ንጥረ ነገር ይለቃል። ይህ ንጥረ ነገር ጠባቧን ክፍተት ተሻግሮ በጡንቻው ላይ ካለው ተቀባይ ጋር ሲገናኝ ጡንቻው ይኮማተራል። በማያስቴንያ የተያዘ ሰው ሰውነት ግን ይህን ተቀባይ የሚያጠቁ አንቲቦዲዎችን ያመርታል። አንቲቦዲ በደም ውስጥ የሚዘዋወር የመከላከያ ፕሮቲን ሲሆን በአማርኛ ፀረ እንግዳ አካል ይባላል። ቁልፉ ጤነኛ ሆኖ ሳለ የበሩ ቀዳዳ በሰም እንደተደፈነ ማለት ነው። ነርቩም ጡንቻውም ደኅና ናቸው፤ የተበላሸው መገናኛቸው ነው።

የበሽታው ዋና መለያ ድካም ነው። ጡንቻው ሲሠራ ይዝላል፣ ሲያርፍ ይመለሳል። ሕመሙ በዐይን ላይ ብቻ ሲወሰን የዐይን ቆብ ወደ ታች ይወርዳል፣ አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ይታያል። አንድ ዐይን ሲጨፈን ሁለት የነበረው ምስል ወደ አንድ ይመለሳል። የዐይኑ ብሌን አይለወጥም፣ የማየት ኃይሉም አይቀንስም። በሽታው ዐይንን የሚያስቀድመው ያለ ምክንያት አይደለም። ዐይንን የሚያንቀሳቅሱት ጡንቻዎች ከሌሎቹ ይልቅ በፍጥነትና ያለ እረፍት ይሠራሉ፤ የነርቭ ትእዛዝ ትንሽ ቢቀንስባቸው የሚቋቋሙበት ትርፍ አቅማቸውም አነስተኛ ነው። በእጅ ላይ ሲሆን የማይታወቅ ጥቂት መዛል በዐይን ላይ ሲሆን ወዲያው ምስልን ለሁለት ይከፍላል።

ከሕሙማኑ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በሽታው የሚጀምራቸው በዐይን ነው። ሕክምና ካላገኙት ከእነዚህ መካከል ብዙዎቹ፣ በአብዛኛው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ውስጥ፣ ሕመሙ ወደ ማኘክ፣ ወደ መዋጥ፣ ወደ ንግግር፣ ወደ ክንድና እግር፣ ሲብስም ወደ መተንፈሻ ጡንቻዎች ይዛመትባቸዋል። ስለዚህ «የዐይን ቆብ መውረድ ብቻ ነው» ተብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም።

በዚሁ አጋጣሚ በወሬ የሚደባለቅ ሌላ በሽታ አለ። ከእንቅርት ዕጢ ጋር የተያያዘው ኦቶኢሚዩን የዐይን ሕመምም የዐይን ጡንቻን ይነካል፤ እሱ ግን ጡንቻውን ያሳብጣል፣ ዐይንን ወደ ውጭ ይገፋል፣ ቆቡንም ከማውረድ ይልቅ ወደ ላይ ይስባል። እ.ኤ.አ. በ2020 በአሜሪካ የተፈቀደው ቴፕሮቱሙማብ የተባለው መድኃኒት የዚያኛው ነው። በወሎ ደጋ በአዮዲን እጥረት የሚመጣው የተለመደው እንቅርት ደግሞ ከሁለቱም የተለየ ነው።

ጠዋት የሚጠፋ፣ ማታ የሚታይ ሕመም

በወሎ ይህን በሽታ ለመለየት አስቸጋሪ ያደረገው የሐኪም እጥረት ብቻ አይደለም። ሕመሙ የራሱ የሆነ አሳሳች ሰዓት አለው። ሌሊቱን ያረፈ ዐይን ጠዋት ይከፈታል፤ ሲመሽ ይወርዳል። የጤና ጣቢያና የሆስፒታል ተመላላሽ ክፍል ደግሞ ሕመምተኛውን የሚያየው በአብዛኛው ጠዋት ነው። በዋዜማው ምሽት ቤተሰብ ሁሉ ያየው የወረደ ቆብ በማግስቱ በጤና ባለሙያው ፊት ሳይታይ ይቀራል። ካርድ ላይ «ምንም አልተገኘም» ተብሎ ቢጻፍ የሚያስደንቅ አይደለም።

በሁለተኛ ደረጃ የአካባቢው የዐይን ሕክምና ልማድ አለ። የአማራ ክልል በዓለም ላይ ትራኮማ ከበረታባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። በየወረዳው የተሰማሩ የዐይን ጤና ባለሙያዎች የሚፈልጉት ወደ ውስጥ የታጠፈ ሽፋሽፍትንና የዐይን ሞራን ነው፤ ብዙ ሰው የሚያሳውሩት እነሱ ናቸውና ተገቢ ነው። የጠራ፣ ያልቀላ፣ የማያለቅስ፣ ፊደሉን ሁሉ የሚያነብ ነገር ግን የሚወርድ ዐይን በዚህ ፍለጋ ውስጥ ቦታ የለውም።

ሦስተኛው የእምነትና የባህል መንገድ ነው። በወሎ ክርስቲያኑ ጠበል ይገባል፣ ሙስሊሙ ዱዓ ያስደርጋል፣ ወዳጃ (የጋራ ጸሎት) ይቀመጣል፤ ሁለቱ የሚካፈሉት ባህልም ብዙ ነው። ዐይነ ጥላ ነው ተብሎ የሚታሰብ ሕመም ወደ ሐኪም ቤት ዘግይቶ ይደርሳል። እዚህ ላይ ጥድፊያ የበዛበት ትችት የሚስተው ነገር አለ። ማያስቴንያ በቅዝቃዜ ይሻለዋል፤ ቅዝቃዜ አሴቲልኮሊንን የሚያፈርሰውን ኢንዛይም ስለሚያዘገየው የነርቩ መልእክት ለጥቂት ጊዜ ይበረታል። በማለዳ፣ ከእረፍት በኋላ፣ ቀዝቃዛ ውኃ ፊቱ ላይ የፈሰሰበት ሕመምተኛ ዐይኑ ቢከፈት አልዋሸም፣ አልተታለለምም። የሚያሳዝነው ለውጡ ደቂቃዎች ብቻ የሚቆይ መሆኑ ነው። ከዚህ የተነሣ ድነናል ብሎ ሌላውን ፍለጋ የሚያቆም ሰው እውነተኛ ለውጥ አይቶ ነውና «ያላየኸውን አየሁ አልክ» ብሎ መሟገት ጥቅም የለውም። ሁለቱን መንገድ አስታርቆ ማስኬድ ይሻላል።

ይኸው የቅዝቃዜ ጠባይ ለሐኪሙም መሣሪያ ነው። በጨርቅ ወይም በጓንት የተጠቀለለ በረዶ በተጨፈነው ዐይን ላይ ለሁለት ደቂቃ ያህል ተቀምጦ ሲነሣ ቆቡ ሁለት ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ከፍ ካለ ማያስቴንያ መሆኑን አጥብቆ ይጠቁማል። ሕመምተኛው ለአንድ ሁለት ደቂቃ ወደ ላይ አፍጥጦ እንዲመለከት አድርጎ ቆቡ ቀስ በቀስ ሲወርድ ማየትም ምንም ወጪ አይጠይቅም። ማቀዝቀዣ ያለው ጤና ጣቢያ ሁሉ ይህን ማድረግ ይችላል። ቤተሰብ ማታ በስልክ ያነሣው ፎቶግራፍም ከጠዋቱ ምርመራ የበለጠ ሊናገር ይችላል። በአንጻሩ ቆቡ የወረደው በድንገት ከሆነ፣ ከብርቱ ራስ ምታት ጋር ከመጣ፣ ወይም ብሌኑ ከሌላኛው ዐይን ሰፍቶ ከታየ ነገሩ ማያስቴንያ ሳይሆን የአንጎል ደም ሥር አደጋ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሆስፒታል መድረስ ያስፈልጋል።

ከዚህ በላይ ያለው ምርመራ ግን ይርቃል። በደም ውስጥ አንቲቦዲውን የሚፈልገው ምርመራ በየሆስፒታሉ የሚሠራ አይደለም። ቢሠራም በዐይን ብቻ በተያዙት ላይ አንቲቦዲው የሚገኘው ከግማሾቹ ገደማ ላይ ነው፤ አልተገኘም ማለት በሽታው የለም ማለት አይደለም። የነርቭ ሐኪሞች ሥልጠና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው፤ ስፔሻሊስቶቹም በአብዛኛው በዋና ከተማዋ ይገኛሉ። ደሴ ላይ አጠቃላይ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታሉና የወሎ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ክፍል፣ ከከተማዋ ወጣ ብሎ ደግሞ በዐይን ሕክምናው የሚታወቀው የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል አሉ። ከዚያ ያለፈ ጉዳይ ግን 400 ኪሎ ሜትር ተጉዞ አዲስ አበባ መግባትን ይጠይቃል። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ወቅት በደሴ፣ በኮምቦልቻ፣ በወልድያና በሌሎችም የወሎ ከተሞች ያሉ የጤና ተቋማት መዘረፋቸውና መውደማቸው የሚታወስ ነው። እንዲህ ባለ ጉዳት ላይ ብርቅዬ በሽታ የመጨረሻውን ወረፋ መያዙ አይቀርም።

እስካሁን የነበረው ሕክምና

የመጀመሪያው የሚሠራ መድኃኒት የተገኘው ከአፍሪካ ተክል ነው፤ ይህን የሚያስታውሰው ሰው ጥቂት ነው። ዛሬ ናይጄሪያ በምትባለው አገር በካላባር አካባቢ ከሚበቅል መርዛማ ባቄላ የሚወጣውን ፊዞስቲግሚን እ.ኤ.አ. በ1934 ሜሪ ዎከር የተባለች የለንደን ሐኪም ለአንዲት የማያስቴንያ ሕመምተኛ ሰጥታ ድካሙ ለጥቂት ሰዓት ሲለቅቅ አየች። የዛሬው ፒሪዶስቲግሚን በዚያው መንገድ ይሠራል፦ አሴቲልኮሊን ቶሎ እንዳይፈርስ ያደርጋል። ክኒኑ በአብዛኛው በአንድ ሰዓት ውስጥ መሥራት ጀምሮ ለጥቂት ሰዓታት ይቆያል። የሆድ ቁርጠትና ተቅማጥ ሊያስከትል ይችላል። የወረደ ቆብን ሲያነሣ ምስል ለሁለት መከፈሉን ግን ብዙ ጊዜ አያስተካክልም። ከሁሉም በላይ በሽታውን አያቆምም፤ ምልክቱን ብቻ ያስታግሳል።

በሽታውን የሚገታው ፕሬድኒሶሎን ነው። የሰውነት መከላከያን የሚያቀዘቅዝ፣ ርካሽና በየትኛውም ፋርማሲ የሚታወቅ መድኃኒት ነው። ሐኪሞች በዐይን ማያስቴንያ ላይ እንደሚሠራ ለብዙ ዓሥርት ዓመታት ያውቃሉ፤ ይህን በጥብቅ ሙከራ ማረጋገጥ ግን ምን ያህል ከባድ እንደሆነ አንድ ታሪክ ያሳያል። ኤፒቶም በተባለውና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመው ጥናት 88 ሰዎች ተመርምረው ወደ ሙከራው የገቡት 11 ብቻ ነበሩ። ጥናቱም በቂ ሰው ስላላገኘ ቀድሞ ቆመ። ፕሬድኒሶሎንን የሚመስለውን ፕሬድኒሶን ከወሰዱት ስድስት ሰዎች መካከል ሕክምናው ያልሠራለት አንድ ሲሆን መድኃኒት የሌለበትን ባዶ ክኒን ከወሰዱት አምስቱ ሁሉም አልተሻላቸውም። አኃዙ ትንሽ ነው፤ አቅጣጫው ግን ግልጽ ነው።

ፕሬድኒሶሎን ለረዥም ጊዜ ሲወሰድ ስኳር ያመጣል፣ የደም ግፊትን ይጨምራል፣ አጥንትን ያሳሳል፣ የዐይን ሞራና የዐይን ውስጥ ግፊትን ያስከትላል። የሳንባ ነቀርሳ በተስፋፋበት አገር ደግሞ ተኝቶ የነበረ ነቀርሳ ሊቀሰቅስ ይችላል። በድንገት ማቆምም አደገኛ ነው። ስለዚህ ርካሽነቱ ክትትልን አይተካም፤ በወር አንድ ጊዜ እንኳ ደሴ መመላለስ ለማይችል ሰው ርካሹ ክኒን ውድ ሊሆንበት ይችላል። አዲስ መድኃኒት የሚፈለገውም ለዚህ ነው።

አዲሱ መርፌ እንዴት ይሠራል?

በደማችን ውስጥ ያሉት ዋነኞቹ አንቲቦዲዎች አይጂጂ ይባላሉ። ሌሎች ፕሮቲኖች በጥቂት ቀናት ሲፈርሱ አይጂጂ ሦስት ሳምንት ገደማ የሚቆየው ኤፍሲአርኤን የተባለ ተቀባይ በሴል ውስጥ ከመፍረስ አድኖ ወደ ደም ስለሚመልሰው ነው። ኤፍጋርቲጂሞድ የተባለው አዲስ መድኃኒት ይህን አዳኝ ተቀባይ ይይዝበታል። የሚያድነው ያጣ አይጂጂ ቶሎ ይፈርሳል፤ ከእሱም ጋር በሽታውን የሚያመጣው አንቲቦዲ በደም ውስጥ ይቀንሳል።

መድኃኒቱን የሠራው መነሻው ቤልጂየም የሆነው አርጀንክስ የተባለ ኩባንያ ነው። አዳፕት በተባለው ትልቅ ሙከራ 167 ሰዎች ተሳትፈዋል። ከእነሱ መካከል አንቲቦዲ ከተገኘባቸው ውስጥ መድኃኒቱን ካገኙት 68 በመቶው፣ ባዶውን ካገኙት ደግሞ 30 በመቶው በዕለታዊ ኑሯቸው ላይ ተጨባጭ መሻሻል አሳይተዋል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በታኅሣሥ 2021 እ.ኤ.አ. ሲፈቅደው የፈቀደው በሽታው በመላ ሰውነታቸው ለተዛመተና አንቲቦዲው ለተገኘባቸው ነው። ባዶውን ከወሰዱት 30 በመቶው መሻላቸውም መታለፍ የለበትም። ይህ በሽታ በራሱ ጊዜ ከፍ ዝቅ ይላል፤ «ወስጄው ተሻለኝ» የሚል የአንድ ሰው ምስክርነት መድኃኒት መሥራቱን የማያረጋግጠው ለዚህ ነው።

በዐይን የተያዙት ለምን ተረሱ?

አዳፕትን የመሳሰሉ ሙከራዎች በዐይን ብቻ የተያዙትን አላካተቱም። ምክንያቱ ከፊሉ የመለኪያ ጉዳይ ነው። ብዙ ጊዜ የሚሠራበት የዕለታዊ ኑሮ መመዘኛ ስምንት ጥያቄዎች አሉት፣ ከፍተኛው ነጥብ 24 ነው። ከስምንቱ ሁለቱ ብቻ ስለ ዐይን ይጠይቃሉ። መኪና መንዳት፣ ማንበብ፣ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ያቃተው፣ ደረጃ ሲወርድ የትኛው ደረጃ እውነተኛ እንደሆነ የማይለይ ሰው በዚህ መመዘኛ ቀላል ሕመምተኛ ሆኖ ይታያል። መለኪያው ሰውየውን አላየውም ማለት ይቀላል።

አዳፕት ኦኩለስ የተባለው ሦስተኛ ምዕራፍ ሙከራ የተነደፈው ለእነዚህ ሕሙማን ነው። በመርፌ ተሞልቶ የሚመጣውን መድኃኒት ከቆዳ ሥር በመውጋት ከፕላሴቦ ጋር ያነጻጽራል፤ ፕላሴቦ መድኃኒቱን የሚመስል ነገር ግን መድኃኒት የሌለበት ነው። ማን የትኛውን እንደሚያገኝ በዕጣ ይወሰናል፣ ሕመምተኛውም ሐኪሙም አያውቁም። መመዘኛውም ስለ ዐይን ምልክቶች በዝርዝር የሚጠይቅ እንዲሆን ተመርጧል። ከዚያ በኋላ መድኃኒቱ በግልጽ የሚሰጥበት ጊዜ ይከተላል።

ምዕራፍ የሚለው ነገር በዜና ውስጥ ብዙ ጊዜ ስለሚዘለል ጥቂት ቃል ይገባዋል። በመጀመሪያው ምዕራፍ ጥቂት፣ አብዛኛውን ጊዜ ጤነኛ ሰዎች ላይ የመድኃኒቱ ደኅንነትና መጠን ይታያል። በሁለተኛው በሕሙማን ላይ ፍንጭ ይፈለጋል። ሦስተኛው ለፈቃድ የሚቀርበውን ማስረጃ ያስገኛል። «መድኃኒቱ ለሰው ሳይሰጥ ሊሞከርብን ነው» የሚለው ፍርሃት ለዚህ መድኃኒት አይሠራም፤ በሌላው የማያስቴንያ ዓይነት በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ወስደውታል። «ተገኝቷል» የሚለው ተስፋም አይሠራም፤ ሦስተኛ ምዕራፍ ላይ ደርሰው የወደቁ መድኃኒቶች ብዙ ናቸው።

ከባዶ ጋር ወይስ ከርካሹ ክኒን ጋር?

ባለሙያዎች የሚከራከሩበት፣ ለወሎም የበለጠ ትርጉም ያለው ጥያቄ ይህ ነው፦ አዲሱ መድኃኒት ከምን ጋር ይነጻጸር?

ከፕላሴቦ ጋር መነጻጸሩን የሚደግፉት ምክንያት አላቸው። በሽታው ከፍ ዝቅ ስለሚል ያለ ፕላሴቦ የመድኃኒቱን ድርሻ መለየት ያስቸግራል። የሕመምተኛው የነበረ መድኃኒት ሳይለወጥ እንዲቀጥል ሊደረግ ስለሚችል ፕላሴቦ የደረሰው ያለ ሕክምና ቀረ ማለት አይደለም። ፕሬድኒሶሎን ደግሞ ፊትን ስለሚያሳብጥና ክብደት ስለሚጨምር ማን የትኛውን እንደወሰደ መደበቅ ያስቸግራል። ጉዳቱም የሚታየው በወራትና በዓመታት እንጂ በሳምንታት አይደለም፤ ያን ያህል የሚጠብቅ ሙከራ ብዙ ሰውና ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል።

በሌላ በኩል ያሉት ደግሞ ከባዶ መሻሉን ማወቅ ለፈቃድ ሰጪው ይበቃ ይሆናል እንጂ ለሐኪሙ አይበቃም ይላሉ። ሐኪሙ ሕመምተኛውን ፊት ለፊቱ አስቀምጦ የሚመርጠው በአዲሱና በባዶ መካከል አይደለም፤ በአዲሱና በፕሬድኒሶሎን መካከል ነው። ሌላም አለ፦ ፕሬድኒሶሎን በጊዜ ከተጀመረ በሽታው ወደ መላ ሰውነት እንዳይዛመት ሊያደርግ እንደሚችል ከቀድሞ መዛግብት የተነሡ ጥናቶች ይጠቁማሉ፤ በዕጣ ድልድል ግን አልተረጋገጠም። አዲሱ መርፌ ይህን ያደርግ እንደሆነ በሳምንታት የሚለካ ሙከራ አይነግረንም።

በእኔ ግምት ሁለተኛው ወገን እንደ እኛ ላለ አገር የሚቀርበውን ጥያቄ ይዟል። ሀብታም አገር ከባዶ የሚሻለውን ሁሉ ገዝቶ ቆይቶ ሊመርጥ ይችላል። የእኛ የመድኃኒት ገዢ ግን ለአንድ ሰው በሚያወጣው ገንዘብ ስንት ሰው ምርመራና ክትትል ሊያገኝ ይችል እንደነበር መጠየቅ አለበት፤ ያን ጥያቄ ለመመለስ የሚያስፈልገውን ንጽጽር ደግሞ ኩባንያ ወድዶ አይሠራውም። እንዲህ ያለውን ሙከራ በመንግሥትና በዩኒቨርሲቲ ገንዘብ ካልሆነ የሚሠራው የለም።

መርፌው ወሎ ቢደርስ

ዋጋው ቀዳሚው ነው። ኤፍጋርቲጂሞድ በአሜሪካ ለአንድ ሰው በዓመት ከ200 ሺህ ዶላር በላይ ይጠይቃል። ይህን የሚሸፍን የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን የለም፤ ሊኖርም አይችልም። ሁለተኛው ቅዝቃዜ ነው፤ መርፌው በማቀዝቀዣ ውስጥ መቆየት አለበት፣ መብራት በሚቆራረጥበት ወረዳ ይህ ቀላል አይደለም።

ሦስተኛው ብዙ ጊዜ አይነሣም። መድኃኒቱ ጎጂውን አንቲቦዲ ለይቶ አያወጣም፤ አይጂጂን በጠቅላላ ከግማሽ በላይ ይቀንሳል፣ ከክትባት ያገኘነውንም ጨምሮ። በሙከራዎቹ የመተንፈሻና የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ከተለመዱት ጎጂ ውጤቶቹ መካከል ናቸው፤ መድኃኒቱን እየወሰዱ ሕያው ክትባት መውሰድም አይመከርም። እነዚህ ሙከራዎች የተካሄዱት በአብዛኛው ወባ በሌለባቸው፣ የሳንባ ነቀርሳ በቀነሰባቸው አገሮች ነው። ከቆቦ ወይም ከባቲ ቆላ ለሚመጣ፣ በየዓመቱ ወባ ለሚያገኘው ሰው ደኅንነቱ ያው ነው ብሎ መደምደም አይቻልም።

ታዲያ ሙከራ ወደዚህ ቢመጣስ? ክልሉ ለዐይን ሙከራ እንግዳ አይደለም። በምሥራቅ ጎጃም ጎንቻ ሲሶ እነሴ አዚትሮማይሲን ትራኮማን ምን ያህል እንደሚቀንስ በዕጣ ድልድል የተፈተነበት ታና የተባለው ጥናት በዓለም የሕክምና ጽሑፎች ተደጋግሞ ይጠቀሳል። በኢትዮጵያ የመድኃኒት ሙከራ ከሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴና ከምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድ ሳያገኝ አይጀመርም። ትራኮማ ግን ብዙ ሰው የሚይዝ በሽታ ነው። ማያስቴንያ በዓለም ደረጃ ከአንድ ሚሊዮን ሰው ከ150 እስከ 250 በሚሆኑት ላይ ይገኛል ተብሎ ይገመታል፤ በዐይን ብቻ የሚቀረው ከዚያም ያነሰ ነው። ሕሙማኑ ሳይመረመሩና ሳይመዘገቡ ሙከራ ማካሄድ አይቻልም።

ለመሳተፍ የሚጠየቅ ሰው ሊያነሣቸው የሚገቡ ጥያቄዎች የታወቁ ናቸው። ፕላሴቦ የመድረሱ ዕድል ስንት ነው? ሕመሙ ቢብስ የሚወሰደው የአስቸኳይ መድኃኒት የትኛው ነው? የትራንስፖርትና የጉዳት ካሳ ማን ይሸፍናል? በማንኛውም ጊዜ መውጣት ሌላውን ሕክምና ያስቀራል ወይ? ከሁሉም የሚከብደው ደግሞ ይህ ነው፦ መርፌው ቢያሽለኝና ሙከራው ቢያበቃ ከማን አገኘዋለሁ? ሐኪሞች የሚመሩበት የሄልሲንኪ መግለጫ ይህ ከሙከራው በፊት እንዲመለስ ያዛል። መልሱ በጽሑፍ ካልተገኘ ተጠራጣሪዎቹ ያን ጊዜ ልክ ናቸው።

መርፌው ሳይመጣ ዛሬ የሚደረግ

ብዙ የሚታለፈው የጉዳዩ ገጽ ሕመምተኛውን የሚያባብሱት ተራ መድኃኒቶች ናቸው። ማያስቴንያ በአንዳንድ መድኃኒቶች በሰዓታት ውስጥ ሊከፋ ይችላል። ሲፕሮፍሎክሳሲን የተባለው ፀረ ባክቴሪያና የእሱ ዓይነት መድኃኒቶች ከእነዚህ መካከል ናቸው፤ የአሜሪካው ባለሥልጣን ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በማሸጊያቸው ላይ ለማያስቴንያ ሕሙማን ብርቱ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍ አድርጓል። እኛ ዘንድ ግን «ሲፕሮ» ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለተቅማጥም ለሽንት ሕመምም ይገዛል። ጄንታማይሲን የተባለው ሌላ ፀረ ባክቴሪያም ያው አደጋ አለው። በቆላው ወባ ሲነሣ የሚሰጡት ክሎሮኩዊንና ኩዊኒን፣ ለልብና ለደም ግፊት የሚሰጡት እንደ ፕሮፕራኖሎል ያሉ መድኃኒቶች፣ ለግላኮማ (ለዐይን ውስጥ ግፊት ሕመም) በዐይን የሚጨመረው የቲሞሎል ጠብታ ሳይቀር ዝርዝሩ ውስጥ አሉ። ጠብታው ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ የዐይን ሕመም ይዞ የመጣ ሰው የዐይን ጠብታ ሊጎዳው ይችላል ብሎ የሚጠረጥር የለምና።

አዚትሮማይሲንም ማስጠንቀቂያው ውስጥ ይገኛል። በአማራ ክልል ትራኮማን ለመከላከል ለዓመታት በዘመቻ የታደለው መድኃኒት ነው፤ ያመጣው ጥቅም የማያጠያይቅ ስለሆነ ይህን ሰምቶ ዘመቻውን መሸሽ ትልቅ ስሕተት ይሆናል። ማስጠንቀቂያው የሚመለከተው ማያስቴንያ እንዳለበት ያወቀን ሰው ብቻ ነው፤ እሱም መድኃኒቱ በተራው ሲደርሰው ለአዳዩ ይንገር፣ ከሐኪሙም ጋር ይማከር። ወባ የያዘውም ሕክምናውን አይተው፤ በሽታው እንዳለበት ተናግሮ የሚስማማው ይመረጥለት። ወባውና ትኩሳቱ ራሳቸው ማያስቴንያን ያባብሳሉ።

እርጉዝ ሴት ላይ ጉዳዩ ከሁሉም ይከፋል። ከፍተኛ የደም ግፊት ይዟት ለመንቀጥቀጥ የተቃረበች እናት በየጤና ጣቢያው የሚሰጣት ማግኒዥየም ሰልፌት ነው፤ ብዙ እናቶችን ከሞት ያተረፈ መድኃኒት ነው። ማያስቴንያ ላለባት ግን ማግኒዥየም የነርቩን መልእክት ይበልጥ ስለሚያዳክም መተንፈሻዋን ሊያቆም ይችላል። አዋላጇ ይህን ልታውቅ የምትችለው በእርግዝና ክትትል ካርዱ ላይ ተጽፎ ካገኘችው ነው። ማታ ማታ ዐይኗ የሚወርድ እናት በመጀመሪያው የክትትል ቀን ይህን ብትናገር፣ የካርዱ ጸሐፊም ቢጽፈው፣ በምጥ ሰዓት ከሌላ መድኃኒት ጋር ደሴ የመድረስ ዕድል ይኖራታል።